የእንግሊዝ ምግብ መጥፎ ስሙን ከየት አገኘው?

የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ በጁላይ 2005 ከሩሲያና ከጀርመን መሪዎች ጋር ተቀምጠው ሲጨዋወቱ፣ ምግባቸው እንዲህ የከፋ ሰዎችን ማመን አይቻልም አሉ። ስለ እንግሊዞች መናገራቸው ነበር። ከፊንላንድ ቀጥሎ መጥፎ ምግብ ያለው እዚያ ነው ሲሉም አከሉበት። ንግግሩ በአንድ የፈረንሳይ ጋዜጣ ላይ ወጣና ዓለምን አዳረሰ። ሰው ሰምቶ ሳቀ እንጂ አልተገረመም፤ የእንግሊዝ ምግብ አይረባም የሚለው ወሬ ሁላችንም ሳንቀምሰው የምናውቀው ወሬ ነውና።

በዚያው ዓመት፣ ከሺራክ ንግግር ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በየዓመቱ በሚወጣው የዓለም 50 ምርጥ ምግብ ቤቶች ዝርዝር አንደኛ የሆነው ብሬይ በምትባል የእንግሊዝ መንደር የሚገኘው ፋት ደክ ነበር። አንድ ምግብ ቤት የአገር ምግብን ስም አይመልስም። ይሁን እንጂ ሁለቱ ወሬዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ጎን ለጎን መቆማቸው ጥያቄ ያስነሳል። የዚህ ማብራሪያ ሐሳብም ይኸው ነው፦ መጥፎው ስም የወጣው ምግቡ በታሪኩ እጅግ በደከመበት ዘመን ነው። ዘመኑ አልፏል፤ ስሙ ግን ቀርቷል።

በእኛ አነጋገር እንግሊዝ ስንል ብዙውን ጊዜ ስኮትላንድንና ዌልስንም ጨምረን ነው፤ እዚህም እንደዚያው እንጠቀምበታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔ የበላሁት ግን በእርግጥ ጣዕም አልነበረውም

አምናለሁ። እኔም በልቻለሁ። ለትምህርት ሊድስ በሄድኩባቸው የመጀመሪያ ወራት የምበላው በተማሪዎች መመገቢያ ነበር። ግራጫ እስኪሆን የተቀቀለ ጥቅል ጎመን፣ ውኃ የቋጠረ ድንች፣ ቡናማ ቀለም ያለው ቀጭን መረቅ። አገር ቤት ስደውል እናቴን “አልጫ እንኳ አይባልም” እላት ነበር።

አሳቤን ያስቀየረኝ አንድ እሁድ ነው። አከራዬ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ነበሩ፤ ምሳ አብሬያቸው እንድበላ ጠሩኝ። ቀደም ብዬ ስገባ የበሬ ሥጋው ቅዝቃዜው እንዲለቀው ከማቀዝቀዣ ወጥቶ፣ ጨው ተነስንሶበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። ምንም ሌላ ነገር አልነካውም። ሥጋው ምድጃ ሲገባ ዱቄት፣ እንቁላልና ወተት በጥብጠው ቀጭን ሊጥ ሠሩና አሳረፉት። ሥጋው ወጥቶ ተሸፍኖ ሲያርፍ፣ ከሥሩ የተጠራቀመውን ስብ በቆርቆሮ መጋገሪያ አድርገው ጭስ እስኪያወጣ አጋሉት። ከዚያ ሊጡን ገለበጡበት፤ ተንጫጫ። የምድጃውን በር ዘግተው፣ ሃያ ደቂቃ ማንም እንዳይከፍተው አስጠነቀቁን።

ሲወጣ ያ ቀጭን ሊጥ ዙሪያውን እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ጫፉ ወርቃማና ተሰባሪ፣ መሐሉ ለስላሳ። እርሾም ቤኪንግ ፓውደርም የለበትም። የወተቱና የእንቁላሉ ውኃ በሙቀቱ ድንገት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሊጡን ያነሣዋል፤ እንቁላሉ ደግሞ ባለበት ያደርቀዋል። በር ከተከፈተ ግን ይሟሽሻል። ዮርክሻየር ፑዲንግ ይባላል። በ2008 የእንግሊዝ የኬሚስትሪ ሮያል ማኅበር ከአሥር ሴንቲ ሜትር በታች የቆመ ዮርክሻየር ፑዲንግ በስሙ ሊጠራ አይገባም ብሎ መግለጫ እስከ ማውጣት ደርሷል።

አከራዬ መጀመሪያ ያቀረቡልኝ እሱን ብቻ ነው፤ ከሥጋው ጭማቂ በተሠራ መረቅ አርሰው። በልጅነታቸው ቤት ወጉ እንዲህ ነበር፦ ልጆቹ መጀመሪያ በፑዲንጉ ሆዳቸውን ይሞሉና ትንሿ ሥጋ ለሁሉም ትደርሳለች። እንግዳ ሲበዛ ወጡን በእንጀራ ማብቃቃት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጨው ብቻ? ቅመሙስ?

የእኛ ሰው የእንግሊዝ ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ወጥ የለመደ ምላስ ጣዕም ማለት ለሰዓታት የተቁላላ ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ይመስለዋል። የእንግሊዝ ምግብ መንገዱ ሌላ ነው። ግን ይህን መንገድ እኛም እናውቀዋለን።

ጥሬ ሥጋ አስቡ። ቁርጥ ሲቀርብ ሥጋው ላይ ቅመም አይታሽም። የሚፈለገው የሥጋው ራሱ ጣዕም ነው፤ በሬው ምን በላ፣ እንዴት ታረደ፣ ከየትኛው ብልት ተቆረጠ። ኃይሉ ያለው ከጎን በተቀመጠው ሚጥሚጣ፣ አዋዜና ሰናፍጭ ነው፤ በላተኛው እንደ ፍላጎቱ ያጠቅሳል። የእንግሊዝ ጥብስም ልክ እንደዚህ ነው። ሥጋው በጨው ብቻ ይጠበስና ከጎኑ ማጥቀሻ ይቀርባል። ከበሬ ሥጋ ጋር ሰናፍጭ፣ ወይም ሥሩ ሲፋቅ ዓይን የሚያስለቅስ የሰናፍጭ ዘመድ፤ ከበግ ጋር በአቼቶና በስኳር የተለወሰ ናና፤ ከአሳማ ጋር ጎምዛዛ የፖም ድልህ። ማጥቀሻውን ሳይነካ ሥጋውን ብቻ በልቶ ጣዕም የለውም የሚል እንግዳ፣ ቁርጡን ያለ ሚጥሚጣ በልቶ እንደሚያማ ሰው ነው።

ሰናፍጫቸው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጥና አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ኃይሉ የሚወለደው በዚያን ጊዜ ነው። በፈላ ውኃ ከተበጠበጠ ኃይሉን የሚፈጥረው ንጥረ ነገር ይሞትና መራራ ብቻ ይሆናል። በደንብ የተሠራው አፍንጫን ሰርስሮ አናት ይወጣል፤ የጾም ሰናፍጭ ያደገበት ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ምሥጢር ዝናቡ ነው። እንግሊዝ ዝናቧ አያልቅም፤ ሣሩ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ለምለም ነው። ለምለም ሣር ማለት የሰባ ከብት፣ ወፍራም ወተት፣ ቅቤና ፎርማጆ ማለት ነው። በዚህ ላይ የቆመ ምግብ ጥሬ ዕቃው ጥሩ ሲሆን ግሩም ይሆናል፤ ጥሬ ዕቃው ሲበላሽ ግን መደበቂያ የለውም። በርበሬ ያረጀ ሥጋን ይሸፍናል፤ ጨው አይሸፍንም። የሚቀጥለውን ታሪክ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይበቃል።

ድሮም እንዲህ ነበሩ?

አልነበሩም። የንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ወጥ ሠሪዎች በ1390 ገደማ ያጠናቀሩት የአበሳሰል መመሪያ እስከ ዛሬ አለ። ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሳፍሮን ተደጋግመው ይገኙበታል፤ ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣና በዘመኑ የገነት ፍሬ የሚባል ቅመምም አለበት። ይህ ቅመም የኮረሪማችን የቅርብ ዘመድ ነው። ሳፍሮኑን በኋላ ራሳቸው እስከ ማብቀል ደርሰዋል፤ ኤሴክስ ውስጥ ሳፍሮን ዋልደን የምትባለው ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው።

በ1600ዎቹ ቅመም በመርከብ በገፍ ሲገባ ዋጋው ወደቀ፤ የሀብታም ምልክት መሆኑም ቀረ። ፈረንሳይን ጨምሮ የምዕራብ አውሮፓ ባላባቶች ፊታቸውን ወደ ሥጋውና ወደ አትክልቱ የራሱ ጣዕም አዞሩ። እንግሊዞችም ሥጋቸውን ይዘው ተራመዱ። በግልጽ እሳት ፊት በዘንግ ላይ እየዞረ የሚጠበስ ትልቅ ሥጋ የአገሩ መታወቂያ ሆነ። ዘንጉን የሚያዞሩት አንዳንድ ጊዜ ለዚሁ ሥራ የተዳቀሉ እግራቸው አጭር ውሾች ነበሩ፤ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ መንኮራኩር ውስጥ እየሮጡ።

ያን ጊዜ የጎበኙዋቸው የውጭ ሰዎች ምን አሉ? በ1690ዎቹ ሚሶን የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ፣ አዎን ፈረንሳዊ፣ ፑዲንግን የፈጠረ ሰው የተባረከ ይሁን ብሎ ጽፏል። በ1748 የመጣው ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ፔር ካልም ሥጋ በመጥበስ እንግሊዞችን የሚያህል የለም ብሎ መሰከረ። ወዲያው ደግሞ የብዙዎቹ ሙያ ከጥብስና ከፑዲንግ አያልፍም ብሎ ጨመረ። ይህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እውነት አለበት። ጥልቀት ያለው ግን ስፋቱ ጠበብ ያለ ሙያ ነበር።

ታዲያ ምን ነካቸው?

ፋብሪካ ነካቸው፤ ከማንም ቀድሞ። በ1851 በተደረገው ቆጠራ ከእንግሊዝና ከዌልስ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የከተማ ነዋሪ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት እንዲህ የሆነ ትልቅ አገር አልነበረም። ገበሬው የጋራ የነበረው ግጦሽ በአጥር ተከልሎ ለባለ ርስቶች ሲሰጥ ላሙን አጣ። ከተማ ሲገባ የተከራየው ክፍል ምድጃ የለውም፤ ከሰሉ ውድ ነው፤ እናትየው ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ናት። ዳቦ፣ ድንች፣ ስኳር የበዛበት ሻይ የዕለት ምግብ ሆኑ። እሁድ ሥጋ ከተገኘ ሰፈር ውስጥ ወዳለው ዳቦ ቤት ወስደው በዳቦ ጋጋሪው ምድጃ ያስጠብሱ ነበር። ሙያ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ጓዳ ውስጥ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ጓዳ አልነበራቸውም። በጣሊያንና በፈረንሳይ ገጠር ግን ብዙው ሰው መሬቱ ላይ ለተጨማሪ አንድ ትውልድና ከዚያ በላይ ቆየ።

በላዩ ላይ ርካሽ የውጭ እህል መጣ። በ1846 በስንዴ ላይ የነበረው ከባድ ቀረጥ ተነሣ። በ1882 ደነዲን የምትባል መርከብ በማቀዝቀዣ መሣሪያ በረዶ የሆነ የበግ ሥጋ ከኒውዚላንድ ጭና ለንደን ገባች። ለድሀው ሠራተኛ ይህ በረከት ነበር፤ ሥጋ ቀመሰ። ለምግቡ ግን ከማሳው የተለያየበት ቀን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አገሪቱ ከምትበላው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው በባሕር የሚመጣ ነበር።

ሀብታሞቹስ? እነሱ ፈረንሳዊ ወጥ ቤት ቀጠሩ። በ1889 በተከፈተው የለንደኑ ሳቮይ ሆቴል ወጥ ቤቱን የመራው ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ኦጉስት ኤስኮፊዬ ነው። የቤተ መንግሥት ግብዣ የምግብ ዝርዝርን በፈረንሳይኛ የመጻፍ ልማድ እስከ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ ዘመን ዘልቋል። ስለዚህ የእንግሊዝ ምግብ የቤት ምግብ ሆኖ ቀረ፤ እንግዳ የሚያርፍበት ሆቴል ደግሞ ወይ የፈረንሳይ ምግብ ወይም የሱን ደካማ ቅጂ ያቀርባል። አዲስ አበባ መጥቶ የሆቴል ስፓጌቲ ብቻ በልቶ የተመለሰ ሰው ስለ ዶሮ ወጥ ምን ሊመሰክር ይችላል?

ራሽኑ ምን አደረገ?

ትልቁ ስብራት ይህ ነው። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ዘይት ለመውሰድ የተሰለፈ ሰው ራሽን ምን እንደሆነ ያውቃል። በእንግሊዝ የምግብ ራሽን የተጀመረው በጃንዋሪ 8 ቀን 1940 ነው፤ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ምግብ የሚያመጡትን መርከቦች እያሳደዱ የሚያሰጥሙበት ጊዜ ነበር። የመጨረሻው፣ የሥጋው ራሽን፣ የተነሣው በጁላይ 4 ቀን 1954 ነው። ጦርነቱ ካበቃ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንዲያውም በጦርነቱ ጊዜ ያለ ራሽን ይሸጥ የነበረው ዳቦ ከ1946 እስከ 1948 ራሽን ውስጥ ገብቷል።

መጠኑ ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢለዋወጥም የአንድ ጎልማሳ የሳምንት ድርሻ በግምት ይህን ይመስል ነበር፦ 57 ግራም ቅቤ፣ 57 ግራም ፎርማጆ፣ 57 ግራም ሻይ፣ 227 ግራም ስኳር፣ 113 ግራም የአሳማ ቤከን፣ ከተገኘ አንድ እንቁላል። 57 ግራም ቅቤ ማለት አራት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው፤ ለሰባት ቀን። እንቁላሉ ሲጠፋ ከአሜሪካ የሚመጣ የእንቁላል ዱቄት በውኃ ይበጠበጣል። ሥጋ በሌለበት የሚበላው በምግብ ሚኒስትሩ በሎርድ ዎልተን ስም የተሰየመ የድንች፣ የካሮትና የአበባ ጎመን ፓይ ነበር። ከ1942 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ለአንድ ምግብ ከአምስት ሽልንግ በላይ እንዳያስከፍሉ ታገዱ።

ይህን ሥርዓት ለማጣጣል አይደለም የማነሣው። ድሀና ሀብታም በአንድ ሚዛን የተመዘነበት፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ያገኙበት ሥርዓት ነበር፤ እንደ አገር የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ቀደም ብለን ያልነውን አስታውሱ። ይህ ምግብ የቆመው በቅቤ፣ በሥጋ፣ በእንቁላልና በፎርማጆ ነው። አራቱንም ከአሥር ዓመት በላይ ከጓዳው አጎደሉበት። ከወጥ ላይ ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ይህን ያህል ዓመት ቢጎድል ምን ይቀራል?

አከራዬ ራሽን ሲጀመር አምስት ዓመታቸው ነበር፤ ሲያበቃ አሥራ ዘጠኝ። አንዲት ልጅ ከእናቷ ሙያ የምትማርበት ዕድሜ ሙሉ በሙሉ በዚያ ውስጥ አለፈ። ዮርክሻየር ፑዲንጉን ያስተማሯቸው እናታቸው ሳይሆኑ ከጦርነቱ በፊት በአንድ ትልቅ ቤት ወጥ ቤት ይሠሩ የነበሩ አክስታቸው ናቸው። አብዛኞቹ እኩዮቻቸው እንዲህ ያለ አክስት አልነበራቸውም። እሳቸው ግን እስከ እርጅናቸው ድረስ ከጥብስ የቀረውን ስብ በጠርሙስ ያጠራቅሙ ነበር፤ ጠብታ አይደፋም።

አሁን ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ እንይ። በ1944 ጸደይ በእንግሊዝ ምድር አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ የአሜሪካ ወታደሮች ሰፍረው ነበር። የቀመሱት የእንቁላል ዱቄት፣ ጥቁር ዳቦና የተቀቀለ ጎመን ነው። ያዩትን ይዘው አገራቸው ገቡ። ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ጎብኚዎችም ያገኙት ያው ነበር። ከዚያ በኋላ ወሬው ራሱን ችሎ መኖር ጀመረ።

ፎርማጆውስ እንዴት ተረፈ?

ለጥቂት ነው የተረፈው። ቼዳር ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሸጥ ስም ነው፤ መነሻው ሱመርሴት ውስጥ ያለች ቼዳር የምትባል መንደር ናት። አሠራሩ ሲታይ ያስደስታል። ወተቱ ሞቅ ተደርጎ ከጥጃ ጨጓራ በሚወጣ ማርጊያ ይረጋል፤ ይቆራረጥና አጓቱ ይወጣል። የቀረው ርጎ እንደ ትልልቅ ጡብ ተቆርጦ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል፤ በየጊዜው እየተገለበጠ በራሱ ክብደት አጓቱን ያወጣል፣ እየኮመጠጠም ይሄዳል። የተቀቀለ የዶሮ ደረት ሥጋ ሲቀደድ የሚያሳየውን ጭረት ሲይዝ ይፈጫል፣ ጨው ይገባበታል፣ በመጫኛ ይጨመቃል። ከዚያ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁ በስብ ተቀብቶ፣ በእንጨት መደርደሪያ ላይ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያርፋል። ሲቆረጥ የእርጥብ አፈርና የለውዝ ሽታ አለው፤ ምላስ ላይ ቆይቶ ይኮመጥጣል።

በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ለፎርማጆ የሚውለውን ወተት አብዛኛውን ለማጓጓዝና ለማስቀመጥ በሚመች አንድ ዓይነት ደረቅ ፎርማጆ ላይ አዋለው። የመንግሥት ቼዳር ይሉት ነበር። ስስና ለስላሳ፣ የየአካባቢው የሆኑት ዓይነቶች እንዳይሠሩ ተደረገ። ከራሽኑ በኋላ ብዙዎቹ ፎርማጆ ሠሪዎች አልተመለሱም፤ ትልልቅ ፋብሪካዎች በፕላስቲክ የታሸገውን አራት ማዕዘን ቼዳር ይዘው ገቡ። በስኳር የተጠመቀውም በንጹሕ ማር የተጠመቀውም ጠጅ እንደሚባለው ሁለቱም ቼዳር ይባላሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ በፕላስቲክ ያለውን ቀምሶ የመሰከረ ሰው ስለ ሌላው ገና አልሰማም።

ትንሣኤው የጀመረው በጥቂት ሰዎች ግትርነት ነው። በ1979 ለንደን ውስጥ የተከፈተው ኒልስ ያርድ ዴይሪ የተባለ ሱቅ ከየገጠሩ የቀሩትን ባለሙያዎች እየፈለገ ፎርማጆአቸውን በስማቸው ይሸጥ ጀመር። ዛሬ በአገሪቱ ስም ያላቸው ከ700 በላይ የፎርማጆ ዓይነቶች አሉ። በመርፌ እየተወጋ አየር ሲገባው ውስጡ ሰማያዊ ሻጋታ የሚዘረጋው ስቲልተን በሕግ የሚሠራው በሦስት አውራጃዎች ብቻ ነው፤ በደርቢሻየር፣ በሌስተርሻየርና በኖቲንግሃምሻየር። የሚገርመው ስሙን የሰጠችው የስቲልተን መንደር ከሦስቱም ውጪ ናት።

ፑዲንግ ስንት ነገር ነው?

እንግዳን ከሚያደናግሩት ቃላት ዋናው ይህ ነው። ፑዲንግ ድሮ አንጀት ውስጥ ተሞልቶ የሚቀቀል ነገር ነበር። በ1600ዎቹ በአንጀቱ ፋንታ በጨርቅ መቋጠር ተለመደ፤ ያኔ ዱቄት፣ ሞራ፣ ዘቢብና ቅመም አብረው ገቡ፣ የገና ፑዲንግም ከዚህ ወጣ። ዮርክሻየር ፑዲንግ ሊጥ ነው፤ ጥቁር ፑዲንግ ደግሞ ከደም የሚሠራ ስለሆነ ደም የማይበላ ሰው ቀድሞ ይወቀው። በዕለት ንግግር ግን ፑዲንግ ማለት ከምግብ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ጣፋጭ ነው። ከነዚህ ውስጥ የእኔ ምርጫ በተምር የሚሠራው፣ በትኩስ የቅቤና የስኳር መረቅ የሚታጠበው ስቲኪ ቶፊ ፑዲንግ ነው። በዝናባማ ምሽት ከሱ የሚሻል አላውቅም።

ከፑዲንግ ዘመዶች የስኮትላንዱ ሃጊስ በዓለም ብዙ ይሳቅበታል። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ከአጃ፣ ከሽንኩርት፣ ከሞራና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ተከትፎ በጨጓራ ውስጥ ይቀቀላል። ዱለት የሚወድ ሰው የሚያስቀው ነገር ያገኛል ብዬ አላምንም።

የዐቢይ ጾም ዋዜማም የጋራችን ነው። እኛ ቅበላ እንደምንለው እነሱም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ማክሰኞ ቤት ያለውን እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ለመጨረስ ስስ ቂጣ ይጋግራሉ። ጾሙን አብዛኛው ሰው ትቶታል፤ ቂጣው ቀርቷል።

ዓሣና ድንቹ፣ ካሪው የራሳቸው ነው?

በሊጥ የተነከረ ዓሣ መጥበስን ያመጡት ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው፤ ዓርብ ጠብሰው ሰንበት ላይ ቀዝቅዞ ይበሉት ነበር። ሊጡ ሽፋን ነው፦ ውጪው ዘይት ውስጥ ሲጠበስ ዓሣው ከውስጥ በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ከተጠበሰ ድንች ጋር ተጣምሮ በሱቅ የተሸጠው በ1860ዎቹ ነው፤ ለንደንና ላንካሻየር እኔ ቀደምኩ እኔ ቀደምኩ ይባባላሉ። ላዩ ላይ የሚረጨው አቼቶ ከብቅል የተሠራ ነው፤ ያለ እሱ አትብሉት።

በቅመም የሚሠራው የሕንድ ወጥ፣ ካሪውም፣ ታሪክ አለው። ሼክ ዲን መሐመድ የተባለ ሕንዳዊ ለንደን ውስጥ የካሪ ምግብ ቤት የከፈተው በ1810 ነው፤ የዓሣና ድንቹ ሱቅ ከመከፈቱ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ። በ2001 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቢን ኩክ ቺክን ቲካ ማሳላ የሚባለው በቅመም መረቅ የሚቀርብ ዶሮ እውነተኛ የብሪታኒያ ብሔራዊ ምግብ ነው ማለታቸው ብዙ አነጋግሯል። ከውጭ መጣ ብሎ የእነሱ አይደለም ማለት ግን አስቸጋሪ ነው፤ በርበሬስ ወደ እኛ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር አይደለም?

የተቀቀለው ጎመንስ?

እሱን አልከላከልም። አትክልትን በብዙ ውኃ ረጅም ጊዜ መቀቀል በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ወጥ ቤቶች ሥር የሰደደ ጥፋት ነበር። ጥቅል ጎመን በቆየ ቁጥር ውስጡ ያለው ድኝ እየተፈታ ይሸታል፤ ያ በየመተላለፊያው የሚሸት ሽታ ብዙ ሰው እንግሊዝን የሚያስታውስበት ሆኗል። በ1961 በቾርሊውድ የተፈለሰፈው በጥቂት ሰዓታት ዳቦ የማድረስ ዘዴም አገሩን ስፖንጅ በመሰለ ዳቦ ሞላው፤ ሊጡ ለመቡካት የሚያስፈልገውን ጊዜ ስለቀማው ጣዕሙን አብሮ ቀማው። ዛሬም ቢሆን በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የታሸገ ምግብ ከአውሮፓ አገሮች ሁሉ በብዛት ከሚበላባቸው አንዷ እንግሊዝ ናት። ይህን የሚክድ ተከራካሪ አይታመንም።

ከየት ልጀምር?

ከእሁድ። የእንግሊዝ ሰው ቤት ከተጠራችሁ እሺ በሉ፤ ካልተጠራችሁ ሥጋውን እዚያው የሚጠብስ መጠጥ ቤት ፈልጉ፣ ከቀትር በኋላ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ድረሱ፣ የዮርክሻየር ፑዲንጉ ትኩስ መሆኑን ጠይቁ። ሰናፍጩን አምጡልን በሉ፤ ሳይጠየቁ የማያመጡ አሉ። ፎርማጆ ሱቅ ስትገቡ አትፈሩ። ሻጩ በስስ ቢላዋ ቆርጦ ያቀምሳችኋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ቼዳር እንዲያሳያችሁ ንገሩት። ለንደን ከሆናችሁ በስሚዝፊልድ የሥጋ ገበያ አጠገብ ከ1994 ጀምሮ የከብቱን ሁሉንም ብልት በክብር የሚያቀርበው ሴንት ጆን አለ፤ የተጠበሰውን መቅኒ እዘዙ።

ወደ ደቡብ ምዕራብ ከወረዳችሁ ደግሞ ስኮን የሚባለውን ትንሽ ትኩስ ዳቦ፣ ቀስ ብሎ ሞቆ ላዩ ከረጋ ወፍራም የወተት ቅባትና ከእንጆሪ ማርማላታ ጋር ያቀርቡላችኋል። እዚያ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዴቨን ውስጥ መጀመሪያ የሚቀባው ቅባቱ ነው፤ ወንዙን ተሻግራችሁ ኮርንዋል ስትገቡ ግን ማርማላታው ይቀድማል።